አሥር አለቃ ያቆዩት መርዶ

ባለፈው ወር ኬንያ፣ ኢሲኦሎ ላይ አውቶቡስ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳው ላይ የካኪ ሱሪ ዘርግቶ ውሃ ረጨት አደረገበትና የከሰል ካውያውን ጫነበት። ጨርቁ ችስ አለ። የጋለ ብረት እርጥብ ካኪ ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥሩ ነው አይባል፣ መጥፎ ነው አይባል። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አጠገቤ የነበረች ሴት «ዳዳ፣ ጋሪ ኢናኦንዶካ!»፣ እኅቴ መኪናው ሊሄድ ነው፣ ብላ ክንዴን ባትጎትተኝ ኖሮ አውቶቡሱ ጥሎኝ ይሄድ ነበር። ድሮ በከብት ሎሪ ላይ አቧራ እየቃምን ሁለት ቀን የምንጓዘው መንገድ ዛሬ አስፋልት ሆኖ በግማሽ ቀን ያልቃል። በመስኮት ያየሁት ነገር ግን የለም። እስከ ሞያሌ ድረስ ሐሳቤ ከአሥር አለቃ ደምሴ ጋር ነበር።

አሥር አለቃ ደምሴ በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ በእናቴ ሆቴል በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፉ ነበር። ሆቴል ስል አልጋና ቁልፍ ያለው እንዳይመስላችሁ። አምስት ጠረጴዛ፣ በቆርቆሮ የተከለለ ማድቤት፣ በር ላይ ለእጅ መታጠቢያ የተቀመጠ ቢጫ ጄሪካን፤ በቃ ይኸው ነው። ደንበኞቻችን የከብት ነጋዴዎች፣ የሎሪ ሹፌሮች፣ ከሶሎሎና ከጎዶማ ለገበያ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። አሥር አለቃ በበረንዳው ጥግ፣ በእግር የምትረገጥ ጥቁር የስፌት መኪናቸውን ግድግዳ አስጠግተው የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ፣ የሹፌር ሱሪ ይጠግናሉ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ኮሌታቸው ላይ ክር የገባበት መርፌ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ቀልድ ይወዳሉ፤ ለማንም አይመለሱም። ሲበሉ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ግራ ክንዳቸውን በሳህኑ ዙሪያ እንደ አጥር አድርገው፣ ቀና ሳይሉ፣ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳሉ። እናቴ «ኧረ አሥር አለቃ፣ ማን ሊነጥቅዎ ነው?» ስትላቸው አፍረው ክንዳቸውን ያነሳሉ፤ ሁለት ጉርሻ ሳይቆይ ክንዱ ይመለሳል።

ምርኮኛ ነበሩ። በሶማሊያ ጦርነት ኦጋዴን ላይ ተይዘው ከአሥር ዓመት በላይ ሶማሊያ ውስጥ ታስረዋል። በልውውጥ ሲመለሱ እንደገና ሠራዊት ውስጥ ገቡ፤ ደርግ ሲወድቅ ከተበተነው ጦር ጋር ድንበር ተሻግረው ዋልዳ ስደተኞች ካምፕ ከረሙ፤ ካምፑ ሲዘጋ ሞያሌ መጥተው ቀሩ። ኬላው ከበረንዳችን የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው። እኛ ልጆች ሽንኩርት ለመግዛት እንኳ በቀን ሁለት ጊዜ ኢትዮጵያ ደርሰን እንመለሳለን። እሳቸው አንድም ቀን አልተሻገሩም፤ ክር ሲያልቅባቸው ሰው ይልካሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «አንድ ጊዜ የተያዘ ሰው የታጠቀ ዘበኛ ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ልጄ» አሉኝ።

ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት የምንማረው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ስለነበር እናቴ «የእናቷን ቋንቋ የማታነብ ልጅ ምኔ ናት?» አለችና ከሰዓት በኋላ ከመኪናው ሥር አስቀመጠችኝ። በልብስ ሰፊ ጠመኔ ጥቁር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ሀሁ ይጽፉልኛል፤ ስጨርስ በመዳፋቸው አራግፈው ሌላ ይጽፋሉ። እስር ቤት ሳሉ ያወቀው ያላወቀውን መሬት ላይ በእንጨት እየጫረ ያስተምር እንደነበር የነገሩኝም ያኔ ነው። «መሃይም ሆኖ የገባ ሁሉ አንባቢ ሆኖ ወጣ» አሉኝ በኩራት። መርገጫውን ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጡና «የወጣው ማለቴ ነው» ብለው ጨመሩ።

ስለዚያ ቦታ በአንድ ጊዜ ብዙ አያወሩም፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ ነው። አርባ ሰው ጠባብ ክፍል ውስጥ በጎን ተደርድሮ ይተኛል። አንድ ሰው ብቻውን መገላበጥ አይችልምና ከዳር ያለው «ዙር!» ሲል አርባውም ባንዴ ይዞራል። ይህን ስሰማ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ትንሽ ቆይተው «የማይዞር ሰው ካለ ያኔ ነው የምናውቀው» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ማታ ከተኛሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ብቻዬን በተኛሁበት አልጋ ላይ ለመገላበጥ እፈራ ነበር።

እስር ቤቱ ውስጥ ወረቀት ክልክል ነበር። ስለዚህ ሞት የቀረበው ሰው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ አገሩንና መርዶው የሚነገርለትን ዘመድ ለሁለት ጓደኞቹ በቃል ያስይዛል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲያደርስ። አደራ ነው። አሥር አለቃ ከሃያ ሰው በላይ እንዲህ ተሸክመው እንደወጡና አገር ቤት ሳሉ ከአውራጃ አውራጃ እየዞሩ የቻሉትን እንዳረዱ ነግረውኛል። ካረዱም በኋላ ስሞቹ አልለቀቋቸውም። መኪናዋን ሲረግጡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ መጀመሪያ ዳዊት የሚደግሙ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ አስካለም ከዚያው ጦርነት የቀረ አንድ ወንድም ነበራት። ጥላሁን ውቤ ይባላል፤ ከትውልድ አገሩ ከደጀን ዘምቶ ደብዛው ጠፋ። እሷ ሹፌር አግብታ ሞያሌ ድረስ ወረደች። አባቴ በመኪና አደጋ ሲሞት አልቅሳ ቀበረችው፤ ወንድሟን ግን ማንም ሞተ እንዲላት አትፈቅድም። ወታደር የሚመስል ሁሉ ደጃፏን ሲረግጥ ሳህን ታቀርብለትና «ጥላሁን ውቤን ታውቀዋለህ? አገጩ ላይ ጠባሳ አለ» ትላለች። አሥር አለቃ ከዋልዳ ሲመጡ፣ ሁለት ቀን እህል ሳይቀምሱ ደጃፏ ላይ ሲቀመጡም ጠየቀቻቸው። «በሕይወት ነው የተለየሁት» አሏት። የልውውጡ ቀን ሌላ ካምፕ ወስደውት ስለነበር አብሯቸው አልወጣም አሉ። እናቴ እልልታውን አቀለጠችው። በረንዳውን ሰጠቻቸው፤ ምሳና ራታቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤታችን ሆነ። እኔ ያኔ ጡት ያልጣልኩ ሕፃን ነበርኩ፤ ታሪኩን የማውቀው እናቴ በየበዓሉ ለእንግዳ ሁሉ ስትደጋግመው ሰምቼ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ሆኜ፣ ነፋስ አቧራውን ከፍ ዝቅ በሚያደርግበት በአንዱ የድርቅ ከሰዓት፣ ከመኪናው ሥር ተቀምጬ ነበር። ሆቴሉ ባዶ ነው። የመኪናዋ ጠፍር ድንገት ተበጠሰና ጩኸቷ ቆመ። የአሥር አለቃ ከንፈር ግን በዚያው ፍጥነት ቀጠለ። «…ጥላሁን ውቤ፣ ደጀን፣ ለእኅቱ ለአስካለ» አሉ። ከዚያ ዝምታው ሲታወቃቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«አሥር አለቃ፣ አጎቴ ሞቷል?»

እጃቸውን መዘውሩ ላይ አሳረፉ። ቆዳቸው አመድ መሰለ።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ። መርዶ ከልጅ አፍ አይወጣም፤ ነውር ነው። እኔ እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«እነግራታለሁ አልኩሽ።»

ጠላኋቸው። ዛሬ ላይ ሆኜ ላሳምረው አልፈልግም፣ ከልቤ ጠላኋቸው። ትምህርቱን ግን ማቋረጥ አልቻልኩም፤ ብቀር እናቴ ለምን ቀረሽ ማለቷ አይቀርም። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች «ጥላሁን ሲመጣ ይህን ግድግዳ ቀለም እናስቀባዋለን» ስትል ውሃ ልቅዳ ብዬ እወጣለሁ። ቤታችን ውስጥ የሞተ ሰው እንዳለ የማውቀው እኔና በረንዳው ላይ ያሉት ሰውዬ ብቻ ነበርን። ሁለታችንም አንተያይም።

ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን ሐጂ ኑር የተባሉ የከብት ነጋዴ፣ የእናቴ የዘወትር ደንበኛ፣ ከማንዴራ ማዶ ደርሰው መጡ። ገና ሳይቀመጡ ነው የጀመሩት፤ እናቴን እንደ አገሩ ልማድ በእኔ ስም ማማ ሰላም ነው የሚሏት።

«ማማ ሰላም፣ ወላሂ እዚያ ሶማሊያ ውስጥ አንድ ሐበሻ ፉንዲ አየሁ፣ ጫማ የሚሰፋ። ምርኮኛ ነበርኩ ይላል። ስሙ ጥላሁን።»

«አገጩስ? ጠባሳ አለው?»

«ጺሙ እስከዚህ ነው፣ ማማ! አገጩን በምን ልየው?»

ለእናቴ ይህ በቂዋ ነበር። ሐጂ በሳምንቱ በሎሪያቸው ሲመለሱ አብራቸው ልትሄድ ቆረጠች። ያኔ ሶማሊያ መንግሥት የሚባል አልነበራትም፤ በዚያ መንገድ የሄደ ሎሪ ሁሉ አይመለስም። ጎረቤት ለመናት፣ ሐጂ ራሳቸው «እኔ ጠይቄ ልምጣልሽ» አሏት። «ወንድሜ ሰው አገር ጫማ እየጠገነ እኔ እዚህ ወጥ ላማስል?» አለች። እኔን ለጎረቤት ሴት አደራ ሰጠች። ከዚያ ገበያ ወጥታ ግራጫ የኮት ጨርቅ ገዛችና በቀጥታ ወደ በረንዳው ሄደች።

«አሥር አለቃ፣ ኮት ይስፉልኝ። ልኩን እርስዎ ያውቁታል።»

ጨርቁን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«ትንሽ ሰፋ ያድርጉት» አለች እናቴ እየሳቀች። «ከስቶ ቢሆን እንኳ ቤቱ ሲገባ ይሞላዋል።»

ጨርቁ አራት ቀን መኪናዋ ላይ ተጣጥፎ ሰነበተ። እናቴ በየቀኑ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ነገ ይላሉ። በአምስተኛው ቀን፣ የጉዞው ዋዜማ ላይ፣ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ፊታቸው ቆምኩ። «ዛሬ ካልነገሯት፣ ነውርም ቢሆን እኔ እነግራታለሁ» አልኳቸው። «መርዶ ማታ አይነገርም» አሉ። «ነገ በማለዳ ነው። ሰው ልጥራ።»

መርዶ ብቻውን ተሂዶም አይነገርም። ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ሲንኳኳ በመስኮት አየሁ። ፊት ፊት አባ ጉዮ ነበሩ፤ በአህዮቻቸው ውሃ የሚያመላልሱልን ሽማግሌ የቦረና ጎረቤታችን፣ በትራቸውን ተደግፈው። ቀጥሎ በዚያ ሰዓት ሎሪ መጫን የነበረባቸው ሐጂ ኑር። ከኋላ አሥር አለቃ፣ ግራጫውን ጨርቅ እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ይዘው። እናቴ ጓዟን እየቋጠረች ነበር።

«ነጋ ቡልቴ?» አሉ አባ ጉዮ፤ የጠዋት ሰላምታ ነው፣ በሰላም አደርሽ ወይ።

«ነጋ» አለች እናቴ። ቀና ስትል ሦስቱም ቆመዋል። ጨርቁን አየችው። «ኮቱስ? አልሰፉትም እንዴ?»

«ማማ ሰላም፣ ቁጭ በይ» አሉ አባ ጉዮ። «እኛ የያዝነው ነገር ከባድ ነው። ቆሞ አይሰማም።»

አልተቀመጠችም። አሥር አለቃ ተንበረከኩ።

«እቴ አስካለ፣ ጥላሁን ሞቷል። በገባን በሦስተኛው ዓመት፣ በወባ፣ እቅፌ ውስጥ። ምግብ የሚሰጠን በራስ ቁጥር ነበር። ሁለት ቀን አላስወጣነውም። ሊቆጥሩ ሲመጡ እንደታመመ አስመስዬ እጁን ያነሳሁለት እኔ ነኝ። ድርሻውንም የበላሁት እኔ ነኝ።» ጨርቁን ወደ እሷ ዘረጉ። «እዚህ ደጅሽ የመጣሁ ቀንም ሳህን ፊቴ ነበር። አለ አልኩሽ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ልነግርሽ ስነሳ ምሳ ይቀርባል።»

እናቴ ወደ ሐጂ ዞረች። «ያዩት ሰውስ?»

«እሱ የሌላ ሴት ወንድም ነው» አሉ አሥር አለቃ፣ መሬት መሬት እያዩ። ሐጂ ፊታቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ሸፍነው «ፖሌ፣ ማማ፣ ፖሌ ሳና»፣ አይዞሽ አይዞሽ፣ ይላሉ፤ አጽናኑኝ የሚሉ ይመስላሉ እንጂ የሚያጽናኑ አይመስሉም።

«ማን ቀበረው?»

«እኔ። በምንበላበት ሳህን ቆፍሬ።»

ያኔ ነው ዞራ ያየችኝ። በሩ ጋ ቆሜ ነበር። አለመደንገጤን አየች። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ አንድም ቀን ግን አንስታ አልጠየቀችኝም። ጨርቁን ከእጃቸው መንጭቃ ወሰደችና ጮኸች።

በወጋችን የሞተው ሰው ልብስ ወጥቶ ይለቀስበታል። ጥላሁን ሞያሌ ውስጥ ቀርቶ የትም ልብስ አልነበረውም። ስለዚህ ለቅሶው ላይ ግራጫው ጨርቅ ወንበር ላይ ተዘረጋ። ስንዘረጋው አሥር አለቃ ጀምረው እንደነበር አየሁ፤ ትከሻው በሚሆንበት ቦታ ላይ አንድ የጠመኔ መስመር ብቻ ነበረች። እናቴ መስመሯን በጣቷ እየነካች ሦስት ቀን አለቀሰች። አሥር አለቃ ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ ውጪ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ይግቡ ያላቸው የለም፣ ይሂዱ ያላቸውም የለም።

ከለቅሶው በኋላ መኪናቸውን ወደ አባ ጉዮ አጥር ሥር አዛወሩ። ወደ ሆቴሉ ዝር አላሉም። አባ ጉዮ ወተት ቢያቀርቡላቸው ሁለት ጊዜ ፉት ብለው ይተውታል አሉ። ሸሚዛቸው እየሰፋቸው ሄደ። በመንገድ ሳልፍ መኪናዋ ትሰማለች፤ ከንፈራቸው ግን አይንቀሳቀስም። ጥላቻዬ መቼ እንደለቀቀኝ አላውቅም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በአጠገባቸው ለማለፍ መንገዴን ማርዘም ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሆቴሉ በሰው እንደተሞላ፣ እናቴ ሳህን ከድና ወጣች። ተከተልኳት። ሳህኑን አሥር አለቃ በሚሰፉት ጨርቅ ላይ አስቀመጠችው።

«ብላ» አለቻቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ አንቱ እንጂ አንተ ብላቸው አታውቅም። «የወንድሜን በልተሃል። የእኔን ብትተወው ምን ይጠቅመኛል?»

በሉ። እንባቸው ሳህኑ ውስጥ እየወረደ በሉ። እናቴ እስኪጨርሱ ቆማ ጠብቃ ሳህኑን ወስዳ ሄደች። በማግስቱ መኪናዋ በረንዳችን ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ መሀል ቀልድ አልነበረም፤ ኩርፊያም አልነበረም። አንተነቱ ግን ጸና።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ፣ አሥር አለቃ ሲስሉ ከርመው ሞቱ። ቤተ ክርስቲያኑ በኢትዮጵያ በኩል ነው። የሎሪ ሹፌሮችና የአባ ጉዮ ልጆች ሳጥኑን ተሸክመው ወደ ኬላው ሄድን። የኬንያው ኬላ ዘበኛ ባርኔጣውን አውልቆ የመንገዱን መዝጊያ ብረት አነሳ፤ በወዲያ በኩልም ወረቀት የጠየቀ አልነበረም። ከኬላው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ያለውን አቀበት እያለቀስኩ ወጣሁ።

ካህኑ ፍትሐቱን ሊጀምሩ መጽሐፋቸውን ገለጡና «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉ።

ሹፌሮቹ ተያዩ። አባ ጉዮ እኔን አዩኝ፤ እሷ ታውቃለች ብለው ነው። ዓመታት ከመኪናቸው ሥር ተቀምጬ፣ የስንቱን ሟች ስም ከነአገሩ ከአፋቸው ሰምቼ፣ የእሳቸውን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። የአባታቸውን ስም አላውቅም። አገራቸውን አላውቅም። ሁላችንም አሥር አለቃ ደምሴ ብቻ ብለን ኖርን። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ያለ ስም ምን ብዬ ልጸልይ?» አሉ ካህኑ።

እናቴ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች። «ወልደ ሚካኤል» አለች።

ካህኑ ጀመሩ። ወልደ ሚካኤል የጥላሁን የክርስትና ስም ነው። ተዝካሩ በዚያ ስም ወጥቷል፤ ሥጋው አጠገብ ቆሞ የጸለየለት ካህን ግን አልነበረም። እናቴ ወደ እኔ አልዞረችም። እኔም እስከ መጨረሻው አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።

ቀብረን ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ቆም አለች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደመጣንበት ዞር ብላ አየች።

«እሱስ እኅት ይኖረው ይሆን?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።